ነፋሱ ሲበዛ ቤንዚኑ ይድረስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ሞተር ሲነሳ ይሰማል፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይርቃል)

  ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። መጠኗ ከእጅ ባትሪ አይበልጥም። ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ ሰልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክራ ትኖራለች። ባለቤቱ መኪናውን ዓመታት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን አያይም። የቤንዚን ፓምፕ ናት።

ይህን ርዕስ ያመጣሁት በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ ሄሉ ውስጥ አንድ ወዳጄ ጋራዥ ካየሁት ነገር ተነስቼ ነው። ወዳጄ ፉንዲ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ለምትሰሙን፣ ፉንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው፤ እዚህ መካኒኩን የምንጠራው በዚህ ስም ነው። ጓሮው ውስጥ አንድ ተርቦ ያለው ሱባሩ ፎሬስተር ሞተሩ ወርዶ፣ ተበትኖ ላሜራ ላይ ተዘርግቷል። ባለቤቱ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ ነው፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያያል። ፉንዲው አንድ ፒስቶን አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንዱ ጠርዙ ሻማ ሲነድ እንደሚያንጠባጥበው ቀልጦ ወርዷል። ፋሻው የሚቀመጥበት ቦይ በዚያ በኩል የለም። በአውራ ጣቴ ስዳስሰው አልሙኒየሙ እንደ አሸዋ ይሻክራል።

«ጋሼ፣ ተርቦው ነው አይደል ጉድ የሠራኝ?» አለ ልጁ።

«ተርቦውማ ሥራውን ሠራ» አለው ፉንዲው። «ቤንዚኑ ነው ያልደረሰለት።»

«ፓምፑን እኮ ቀይሬያለሁ! ትልቁን ነው የገዛሁት፤ ካርቶኑ ላይ 255 ይላል።»

ፉንዲው አልመለሰለትም። ፒስቶኑን ከእጄ ወስዶ በጨርቅ ጠቀለለው። የዛሬው ዝግጅታችን ለዚህ ልጅ ጥያቄ መልስ ነው። ትልቁን ፓምፕ የገዛ ሰው ሞተሩ በቤንዚን እጥረት እንዴት ይቀልጣል?

(አጭር ሙዚቃ)

ከተርቦው እንነሳ። ተርቦ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተጠቅሞ የሚሽከረከር፣ ነፋስ አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አካባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው። ተርቦ ያለው ግን በግድ ይጎርሳል። የጎማችሁን ነፋስ ስትለኩ የምታውቁት ባር የሚባል መለኪያ አለ፤ የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ከምናምን ይይዛል። ተርቦው አንድ ባር ነፋስ ጨመረ ማለት፣ በባሕር ጠለል ላይ ባለ ከተማ፣ ሞተሩ ከተለመደው እጥፍ ያህል አየር አገኘ ማለት ነው።

አየር ብቻውን ግን አይነድም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ተርቦው በሙሉ ጉልበቱ ሲነፋ ግን መካኒኮች ይህን ልክ አይጠብቁም፤ ለ11 ወይም ለ12 ኪሎ አየር አንድ ኪሎ ቤንዚን እስኪሆን ድረስ ቤንዚኑን ሆን ብለው ያበዙታል። የተረፈው ቤንዚን በከንቱ አይባክንም። በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይወስዳል፣ የሚቀጣጠለውን ድብልቅ ያበርዳል፣ ፒስቶኑን ያተርፋል። ያ መጠባበቂያ ሲጠፋ ድብልቁ ካንዴላው በወጉ አቀጣጥሎ ሳይጨርሰው በየጥጉ በራሱ ይፈነዳል። ከውጭ ስትሰሙት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ድምፅ አለው። ከውስጥ ግን መዶሻ ነው። ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ልጁ እንደነገረን ያ የሆነበት ከማርሳቢት ሲመለስ፣ ከሜዳው ወደ ሞያሌ ሽቅብ የሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ ከባድ መኪና ደርቦ ሲያልፍ ነው። ነዳጁን እስከ ወለል ረገጠ፣ ተርቦው ነፋ፣ መኪናው ተፈተለከ። ከዚያ ጉልበቱ ተልፈሰፈሰና ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልበል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት ማንም ሰው ተርቦውን ለረጅም ጊዜ ሙሉ ነፋስ ላይ አያቆየውም ነበር። ድንጋዩና ጉድጓዱ አይፈቅድም። አስፋልቱ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ገደማ ሲጠናቀቅ ግን ከቱርቢ እስከ ቡቢሳ ያለው ሜዳ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። ቀድሞ ለአምስት ሰከንድ ይረገጥ የነበረው ነዳጅ ዛሬ ለብዙ ደቂቃ ይረገጣል፤ ያውም በዚያ ሙቀት። ኮረኮንቹ የደበቀውን የፓምፕ ድካም አስፋልቱ ገለጠው ብዬ አምናለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ 255 እንመለስ። ቁጥሩ የሚናገረው ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ነው። ስንት ሊትር ያስፈልጋል? መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ። ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.37 ሊትር ያህል ይጠጣል። የጃፓን አምራቾች እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ ለአገራቸው ገበያ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው መኪና አናስተዋውቅም ብለው ተስማምተው ስለነበር፣ የዚያን ዘመን ትልልቅ ተርቦዎች በዚህ እንለካ፤ 280 በ0.37 ሲባዛ 104 ሊትር ገደማ ነው። የእኛ ልጅ ተርቦውን ለውጦ ወደ 350 ፈረስ አስጠግቶታል፤ 130 ሊትር ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ሃያ በመቶ ስንጨምርበት 156 ይደርሳል። 255 ይበቃል ብሎ ማመኑ ታዲያ ምን ያስወቅሳል? በስሌት ከሄድን ተርፎም ይፈሳል።

ግን 255 ሊትር በምን ሁኔታ ነው የተለካው? ካርቶኑ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ቦረና ውስጥ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ የውኃ ኤላዎች አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ጎበዛዝቱ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ይቆማሉ፤ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ሽቅብ ይቀባበላሉ። ውኃው ቅርብ ሲሆን አራት ሰው ገንዳውን ይሞላዋል። በድርቅ ጊዜ ውኃው ሲርቅ እነዚያው አራት ሰዎች፣ በዚያው ጉልበት፣ የሚያወጡት ውኃ ይቀንሳል። ፓምፕም እንዲሁ ነው። የሚገፋበት ግፊት በጨመረ ቁጥር የሚያደርሰው ሊትር ያንሳል።

ተርቦ ባለው መኪና ደግሞ ኤላው በየቅጽበቱ ይጠልቃል። ብዙዎቹ ላይ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ሦስት ባር ግፊት ይዞ ይጠብቃል። ኢንጄክተሩ ቤንዚኑን የሚረጨው ተርቦው ነፋስ ባጨቀበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ነፋሱ መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ሬጉሌተር የሚባለው የግፊት መቆጣጠሪያ ነፋሱ በጨመረ ልክ የቤንዚኑን ግፊት ይጨምራል። ተርቦው አንድ ባር ሲነፋ ቤንዚኑ አራት ባር መሆን አለበት፤ አንድ ተኩል ሲነፋ አራት ተኩል። አስተውሉ፣ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን የሚጠይቀውና ፓምፑ የሚደክመው በአንድ ሰዓት ነው። ሲቀልል ሳይሆን ሲብስበት ነው የሚለግመው።

ሁለተኛው ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ፓምፑ 13.5 ቮልት እየደረሰው ነው። ፓምፑ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ሊትሩም አብሮ ይወርዳል። ፉንዲው ይህን ያሳየን በቴስተር ነው። የኋላውን መቀመጫ አነሳ። ከሥሩ በአራት ቡሎን የታሰረ ክብ ክዳን አለ። ክዳኑ ላይ ለዓመታት የተከማቸውን አቧራ በብሩሽ ጠረገ፤ ያን አቧራ ሳይጠርጉ መክፈት ሰልባትዮው ውስጥ አሸዋ መጨመር ነው። ክዳኑ ሲነሳ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ታየ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ አንድ ጥጉ ቀልጧል።

ትልቅ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የፋብሪካው ፓምፕ ከ5 እስከ 7 አምፔር ቢወስድ ነው፤ ትልልቆቹ ከ10 ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹም 15 ይሻገራሉ። ያ ሁሉ የሚያልፈው ለትንሹ ፓምፕ ተብሎ በተዘረጋ፣ ባረጀ፣ መጋጠሚያው በዘገ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ነው። ሽቦው ይሞቃል፤ የሞቀበት ያህል ቮልት በመንገድ ይቀራል። በቀለጠው ፋንታ አዲስ ሞተር ተገጥሞ ከተነሳ በኋላ ፉንዲው የለካውን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ ፓምፑ ጋ ሲደርስ 10.8። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ፓምፑን የገጠመለት ሰው ፓምፑን ብቻ ለውጦ ሽቦውን ሳይነካ መልሶታል። ልጁ የከፈለው ለ255 ነው፤ ያገኘው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

መፍትሔው ከፓምፑ ዋጋ በጣም ይረክሳል። ከባትሪው በቀጥታ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ገመድ እስከ ፓምፑ ይዘረጋል። ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ፊውዝ ይገባበታል። ይህን ፊውዝ የሚዘል ሰው መኪና ውስጥ እሳት አጥምዶ እንደ መተው ይቁጠረው። ከኋላ ሪሌ የሚባለው በማዘዣ የሚሠራ ማብሪያ ይታሰራል። ማሳውም በአዲስ ገመድ፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ከታየ ላሜራ ጋር ይታሰራል፤ ብዙ ሰው ፖዘቲቩን አሳምሮ ማሳውን ይረሳል። ሪሌው ማዘዣውን የሚወስደው ከመኪናው ከራሱ ከፓምፕ መስመር መሆን አለበት፤ አለዚያ በግጭት ጊዜ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ሱባሩን ጨምሮ አንዳንድ መኪኖች ፓምፑን ለማዘግየት ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ የሚልክ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ማዘዣው ከእሱ በኋላ ከተወሰደ ሪሌው እንደ ወፍጮ እየተንቀጠቀጠ ይቃጠላል። ፉንዲው ስለዚህ ማዘዣውን ከመቆጣጠሪያው በፊት ካለው መስመር ላይ ወሰደ።

(አጭር ሙዚቃ)

ፓምፑን ለመለወጥ ለምትነሱ ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሥራውን ደጅ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ አድርጉት። ጂኮ፣ ምድጃ ማለቴ ነው፣ የተቀጣጠለበት፣ ሰው የሚያጨስበት፣ ብረት የሚበየድበት አካባቢ አይሆንም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ብዙ ርምጃ ርቆ ያለ እሳት ያገኛል። መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ ንቀሉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ በቱቦው ውስጥ የታመቀው ግፊት ይወርዳል። ከዚያ ባትሪውን ፍቱ።

ፓምፑ ሰልባትዮ ውስጥ የሚገናኝበት አጭር ቱቦ ተራ የጎማ ቱቦ መሆን የለበትም። ተራው ቱቦ ቤንዚን ከውስጡ እንዲያልፍ እንጂ በቤንዚን ተነክሮ እንዲኖር አልተሠራም፤ ከውጭ በኩል ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻ ይወልቃል። ፓምፑ ይዞራል፣ ቤንዚኑ ግን እዚያው ሰልባትዮ ውስጥ ይዞራል። ለመነከር የተሠራ ቱቦ ጠይቃችሁ ግዙ። የታችኛዋ ወንፊት ፊልትሮም አዲስ ትሁን። ከሱባሩው የወጣችውን ወንፊት ፉንዲው ነጭ ወረቀት ላይ ሲያራግፋት ቀይ አፈር ወረደ።

አፈሩ ከየት እንደመጣ ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሞያሌ ታውቃለች። ጄሪካኑ ትናንት ምን ይዞ እንደነበር ግን ማንም አያውቅም። ውኃም ይገኝበታል፣ ኬሮሲንም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በኬሮሲን ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ የጣለችው ነዳጅ የሚቀላቅሉ ሰዎችን ትርፍ ለማሳጣት ነበር። ኬሮሲን የገባበት ቤንዚን ያለ ጊዜው የመፈንዳት ጠባዩ የባሰ ነው። ተርቦ ለሌለው አሮጌ መኪና ሳል ነው፤ ተርቦ ላለው ሞት ነው።

ሌላው ሰልባትዮውን የማድረቅ ልማድ ነው። ፓምፑን የሚያበርደው የተነከረበት ቤንዚን ነው። ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚያ ፀሐይ እየነዱ ቤንዚኑን እስከ ጭላጩ ማድረስ ፓምፑን በደረቁ መጥበስ ነው። ትልቅ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ ያልፈለገውን ቤንዚን ሞተሩ ጋ አሙቆ ወደ ሰልባትዮው ስለሚመልስ ሙቀቱ ይብሳል። ከሩብ በታች አታውርዱት።

ወደ ቆላ ለሚወርዱም አንድ ቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ ስስ ነው። ሞያሌ 1,100 ሜትር ገደማ ነች፤ ሞምባሳ ደግሞ ባሕሩ ላይ። ነፋሱን በስፕሪንግ ብቻ የሚገታ ተርቦ አዲስ አበባ ላይ ከሚያስገባው ይልቅ ሞምባሳ ላይ ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ አየር ያስገባል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይጠየቃል። ደጋ ላይ ያለ ችግር የሠራ ፓምፕ ቆላ ሲወርድ ሊያንስ ይችላል።

ናፍጣ የምትነዱ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ የያዛችሁ፣ ዛሬ ፓምፕ ያልኩት እናንተ ካሊብሬሽን የምታስገቡትን ፖምፓ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲያንሰው ጉልበት ያጣል እንጂ እንዲህ አይቀልጥም። ለእናንተ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ዝግጅት ይኖረናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ የተርቦ ፍቅር ከየት መጣ የሚል ካለ፣ በዚህ አገር ሥሩ ጥልቅ ነው። ቶዮታ ሴሊካ ባለ ተርቦው የኬንያውን የመኪና ውድድር ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። በ1994 ደግሞ የኬንያው ሰው ኢያን ደንከን በሴሊካ ተርቦ በአገሩ መንገድ ላይ አንደኛ ወጣ። በ1997 ኮሊን ማክሬ በሱባሩ ኢምፕሬዛ አሸነፈ፤ ዛሬ ሱባሩ የሚያፈቅሩ ልጆች ብዙዎቹ ያኔ አልተወለዱም፣ ፍቅሩን ግን ወርሰዋል። አልነቅፋቸውም። ወዲያ ማዶም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ያሉት መኪኖች ዕድሜያቸው እንዲረዝም የሚያደርግ እጅ ዋጋው ጨምሯል። እንደ ሄሉው ፉንዲ ያለ፣ ፒስቶን አይቶ ሽቦ የሚጠረጥር ሰው፣ ለሁለቱም ማዶ ሀብት ነው።

በመጨረሻ የሙከራውን ቀን ልንገራችሁ። ፉንዲው የቤንዚን ግፊት መለኪያ ከሞተሩ ቱቦ ጋር ቀጠለና የመለኪያውን ሰሌዳ ከመስታወቱ ውጪ፣ ከፊት ለፊታችን በፕላስተር አሰረው። ቤንዚን ያለበት ቱቦ ሰው ወዳለበት ክፍል አይገባም፤ ይህን እንድናገር አደራ ብሎኛል። ከከተማ ወጣን። መጀመሪያ በአሮጌው ሽቦ ሞከረው፤ ለማየት ብቻ፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ። መርፌው ከሦስት ተነስቶ ወደ አራት መውጣት ጀመረ፣ 3.8 ላይ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ወደ 3.4 ወረደ። ተርቦው አንድ ባር እየነፋ ቤንዚኑ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፉንዲው እግሩን ወዲያው አነሳ። «አየህ?» አለው ልጁን፤ «ካርቶኑ ይህን አይነግርህም።»

ጋራዥ ተመልሰን አዲሱን ሽቦ፣ ሪሌውንና ማሳውን አሰሩ። ልጁ ራሱ ነው ሶኬቱን የገጠመው። ቴስተሩ ፓምፑ ላይ 13.5 አነበበ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ከልኩ እንዳልዘለለ ታየ፤ ፓምፑ ከሬጉሌተሩ አቅም በላይ ቢሆን ኖሮ ያኔ ከፍ ብሎ ይቀር ነበር፣ ጭሱም ጥቁር ይሆን ነበር። ኮምፒዩተሩን ለአዲሱ ተርቦ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ገና መሄድ አለበት፤ ፓምፕ ብቻውን አንድ ፈረስ እንኳ አይጨምርም።

ከዚያ እንደገና ወጣን። ያው መንገድ፣ ያው ዳገት። ፉንዲው ረገጠው። መርፌው ከተርቦው ጋር እኩል ተነሳ፣ አራት ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ሦስት ሰከንድ። አምስት። ልጁ ከኋላ አንገቱን አስግጎ መርፌውን እንጂ መንገዱን አላየም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዲናሞና ባትሪ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች እንጀምራለን። ያው ቴስተር አጠገባችሁ ይሁን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)